አዲስ አበባ ላይ የማይፈላ፣ መተሐራ ሲደርስ የሚፈላ ኮሮላ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

መኪናዋ በፈረንጆች 1998 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ ባለ 1600 ሲሲ ቤንዚን፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። ማርሿ ማንዋል፣ ኤሲዋም የሚሠራ። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ግንቦት ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ አቁመዋት ገቡና፣ "ልጄ፣ ይቺ መኪና ከሚስቴ ልታፋታኝ ነው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጃቸው መተሐራ ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ከባለቤታቸው ጋር ሊጠይቋት ወረዱ። ሲሄዱ ምንም አልነበረም። እሑድ ከምሳ በኋላ ሲመለሱ ግን፣ ከመተሐራ ወጥተው ወደ ወለንጪቲ መንገድ ሲይዙ የሙቀት ጌጁ ከመሃል ተነሣ። መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ከዚያ ሁለት ጣት። ኤሲውን ዘጉ። አልወረደም። ያኔ አንድ የድሮ ሾፌር የነገራቸው ትዝ አላቸውና የመኪናውን ማሞቂያ እስከ ጥግ ከፈቱት። ውጪው 38 ዲግሪ ነው። እትዬ ከጎን ተቀምጠው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልታበስለኝ ነው?" አሉ። ጌጁ ግን ትንሽ ወረደ። ማሞቂያ ማለት ከዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀች ትንሽ ራዲያተር ናት። ሲከፍቷት ከሞተሩ ሙቀት እየቀማች ወደ ተሳፋሪው ትልካለች።

ብዙም አልቆየ፣ እንደገና ወጣ። ወለንጪቲ ሲደርሱ ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዳር ይዘው ቆሙ። ወዲያው ሦስት ጎረምሳ ተሰበሰበ። አንዱ ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል ጋሼ ጮኸው አስቆሙት። ሌላው ቀዝቃዛ ውሃ በጀሪካን ይዞ ሞተሩ ላይ ላፍስስ አለ። እሱንም ከለከሉት። ሁለቱንም በመከልከላቸው ነው ይህ ጉዳይ በትንሽ ወጪ ያለቀው። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ሲነሣ ውሃው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ይተፋል። ፊት ይልጣል። የጋለ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ራስ፣ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ አሉሚኒየሙን ያጣምማል፣ አንዳንዴም ይሰነጥቃል። ለዚህ ሞተር አምራቹ የሚፈቅደው የቴስታታ መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከአንድ ወረቀት ውፍረት ያነሰ ማለት ነው።

አንድ ሰዓት ጠብቀው፣ ውሃ ጨምረው፣ ማታ በብርድ አዲስ አበባ ገቡ።

ኮፈን ሳልከፍት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቅኳቸው። የት ነው የሚሞቀው? መቼ ነው የማይሞቀው? ቆሞ ሲሠራ የሚሞቅና እየሮጠ የሚሞቅ መኪና በሽታቸው አንድ አይደለም። ቆሞ የሚሞቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፋን ነው። ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታልና። እየሮጠ በዳገት የሚሞቅ ከሆነ ግን ውሃው በደንብ እየዞረ አይደለም፣ ወይ ራዲያተሩ የሚመጣለትን ሙቀት መጣል አቅቶታል።

ጋሼ ሲመልሱ እንደ ጥሩ ተማሪ ነበር። ከሜክሲኮ መገናኛ፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ፣ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመው ሲውሉ ጌጁ ንቅንቅ አይልም። ቁልቁለት ላይም ሰላም ነው። የሚሞቀው ቆላ ወርደው፣ ኤሲ ከፍተው፣ ሽቅብ ሲይዙ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከቤታቸው ወጥተው ሳሪስ እስኪደርሱ ጌጁ ከሥር አይነሣም። ቤንዚንም ትበላለች።

"ባለፈው ዓመትም እንዲህ አድርጋኝ ነበር" አሉ። "አንድ ጋራዥ አሠራኋት። ውሃ ቀየሩልኝ። አንድ ዕቃም አወጡ። ለእኛ አገር አያስፈልግም አሉኝ።"

ይህን ሲሉ ጆሮዬ መቆም ነበረበት። አልቆመም።

ክዳኑን ከፈትኩ። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ስለነበር ቀዝቃዛ ናት። ውሃው ቡና መስሏል። ኩላንት የሚባለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የለበትም። ከአንድ ሊትር በላይ ጎድሏል። ከጎን ያለችው መጠባበቂያ ጀሪካን ግን እስከ አፏ ጢም ብላለች። ይቺን በማስታወሻዬ ያዝኳት። የዘይቱን መለኪያ ሳብኩ። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል፣ ይህ ግን ጥቁር ነው እንጂ ወተት የነካው አይመስልም። ፋኖቹን ለማየት የሙቀት ስዊቹን ሶኬት ነቀልኩ። በዚህ ሞተር ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። ዞረ። ቺንጋው ልክ ነው፣ የውሃ ፓምፑም አይንገዳገድም፣ አያንጠባጥብም።

የጎደለውን ሞልቼ፣ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ሞተሩን አስነሣሁ። ከራዲያተሩ አፍ አረፋ ይወጣ ጀመር። ብልቅ፣ ብልቅ፣ ብልቅ። ረዳቴ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ጓርኒሲዮን ነው!" አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሆዴ ያለው እሱን ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ ሆድ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ከተቃጠለ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፣ አረፋ ይሠራል፣ ውሃውን ይገፋል፣ መጠባበቂያውን ያጥለቀልቃል። ምልክቱ ሁሉ የገጠመ ይመስል ነበር። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ቁልፍ አንሥቶ ቴስታታ መፍታት ይጀምራል። እኔም በጉብዝናዬ ዘመን እንዲህ አድርጌ፣ ምንም ያልሆነ ጓርኒሲዮን አውጥቼ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ያፈርኩት ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

አሁን አንዲት ርካሽ መሣሪያ አለችኝ። ግልጽ ቱቦ ናት፣ ውስጧ ሰማያዊ ፈሳሽ ይገባል። የራዲያተሩ አፍ ላይ ትቀመጥና ከውሃው በላይ ያለውን አየር በፈሳሹ ውስጥ ታሳልፋለች። አየሩ ውስጥ ከሲሊንደር ያመለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል። አሥር ደቂቃ አሠራሁ። ሰማያዊ ነው። መኪናዋን እስከ ሽሮ ሜዳ ዳገት አስሮጬ፣ ጋራዥ መልሼ፣ ሲበርድ ክዳኑን ከፍቼ ደገምኩ። አሁንም ሰማያዊ ነው። አረፋው እኔው ራሴ ውሃ ስሞላ ያስገባሁት አየር ነበር። ጓርኒሲዮኑ ነፃ ወጣ።

ታዲያ ራዲያተሩ ጎድሎ መጠባበቂያው የሞላው ለምንድን ነው? መልሱ ክዳኑ ነው።

የራዲያተር ክዳን ብዙ ሰው እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ነው የሚያየው። ውስጡ ግን ሁለት በር አለ። ትልቁ በር በስፕሪንግ ተገፍቶ ግፊት ይይዛል። ትንሿ በር ሞተሩ ሲበርድ ከመጠባበቂያው ውሃ መልሳ ታስገባለች። ይህኛው ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለው። በሌላ አነጋገር ወደ 88 ኪሎ ፓስካል ግፊት መያዝ ይጠበቅበታል። አምራቹ ከ59 በታች የከፈተ ክዳን ይጣል ይላል። በግፊት መለኪያው ላይ አስሬ በእጅ ፓምፕ ስገፋ መርፌው 30 ላይ ደርሶ ዝም አለ። ትንሿ በርም በዝገት ተጣብቃለች። ስለዚህ ውሃው ሲሞቅ ቶሎ ይወጣል፣ ሲበርድ አይመለስም።

ይህን ለጋሼ ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። የእሳቸው ትምህርት ነዋ። "አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ነው የሚፈላው። ስንት ዓመት ተማሪዎቼ ፊት አፍልቼ አሳይቻለሁ። መጽሐፉ 100 ይላል፣ ቴርሞሜትሩ 92 ይላል። ልጆቹ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ይሉኝ ነበር።" እኔ ደግሞ ከእኔ በኩል ያለውን ነገርኳቸው። የዚህ ሞተር ፋን የሚነሣው በ93 ዲግሪ ነው። ክዳኑ ጨርሶ ግፊት ባይዝና በውስጡ ያለው ተራ ውሃ ቢሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ፋኑ ሊነሣ አንድ ዲግሪ ሲቀረው ውሃው ይፈላል። ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው አሰቡና ሳቁ።

ወረቀት አወጡ። ጤነኛ ክዳን አዲስ አበባ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ያወጣዋል። የእሳቸው ክዳን ግን ወደ 101 ብቻ ነው የሚያደርሰው። መተሐራ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ይከብዳል፣ እዚያ ጤነኛው 117፣ የእሳቸው 105 ገደማ ይሆናል። ግማሽ በግማሽ ኩላንት ከተጨመረ ሌላ ጥቂት ዲግሪ ይገኛል። እንግዲህ ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ 12 ዲግሪ መጠባበቂያ ወስዳባቸው ነበር።

ክዳኑ ግን ውሃው ለምን እንደሚፈላ ነው የሚነግረን። ሞተሩ ከመጀመሪያው ለምን 105 እንደደረሰ አይነግረንም። በሌዘር ቴርሞሜትሬ ቱቦዎቹን ለካሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በዚያ መሣሪያ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም አትለኩ። ይዋሻል፣ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ጥቁር ጎማ ላይ ለኩ፣ ወይም ብረቱ ላይ ጥቁር ስኮች ለጥፉበትና እሱ ላይ ለኩ። ላይኛው የራዲያተር ቱቦ 96 አለ። ታችኛው 62። ከራዲያተሩ የሚወጣው ውሃ በ34 ዲግሪ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ያልለመደ ሰው ደስ ይለዋል፣ "ራዲያተሩ እንዴት ጎበዝ ነው!" ይላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ፣ በጣም ጥቂት ጥቂት እያለ ስለሚያልፍ ነው እንዲያ የሚቀዘቅዘው። ደህና መኪና ላይ ልዩነቱ አሥር ቤት ነው።

ጠዋት ጌጁ አይነሣም ያሉኝ፣ ቤንዚን ትበላለች ያሉኝ፣ አንድ ዕቃ አወጡ ያሉኝ፣ ሁሉም እዚህ ላይ አንድ ላይ መጣልኝ። የተርሞስታቱን ቤት ሁለት ብሎን ፈታሁ። ባዶ ነው። ጎማዋ ብቻ ተቀምጣለች።

ተርሞስታት በውስጡ ሰም የያዘ በር ነው። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና በሩን ይገፋል። የዚህ ሞተር በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፣ 95 ላይ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። በየጋራዡ የሚወራው እንዲህ ነው፦ "ተርሞስታት የፈረንጅ አገር ብርድ ነው የሚያስፈልገው፣ ለእኛ ሙቀት አውጥተህ ጣለው፣ ውሃው እንደ ልቡ ይዙር።" ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የዚህ ሞተር ተርሞስታት ግን ከዋናው በር ጀርባ ሌላ ትንሽ ሳሕን አለችው። ሞተሩ ሲነሣ ውሃው ራዲያተር ሳይገባ፣ በአቋራጭ እዚያው ሞተር ውስጥ እየዞረ ቶሎ እንዲሞቅ የተተወ መንገድ አለ። ዋናው በር ሲከፈት ያቺ ሳሕን አብራ ትሄድና አቋራጩን ትዘጋለች። ያን ጊዜ ውሃው ወደደም ጠላም በራዲያተር ማለፍ አለበት።

ተርሞስታቱ ሲወጣ ሳሕኗም አብራ ወጣች። አቋራጩ ሌት ተቀን ክፍት ሆነ። ውሃ እንደ ሰው ነው፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ስለዚህ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ፣ የጋለ እንደሆነ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ጠዋት በአዲስ አበባ ብርድ ሞተሩ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይጨምራል። ቀን በመተሐራ ዳገት ደግሞ አይበርድም። በሁለቱም በኩል ኪሳራ። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ሞተር፣ "ቢሞቅም ተርሞስታቱን አታውጡ፣ ማቀዝቀዙን ይቀንሰዋል" የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። ያወጡት ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም። ተጣብቆ የተዘጋ ተርሞስታት ሲወጣ መኪና ለጊዜው እፎይ ይላል፣ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል። እፎይታው ግን በብርድ አገር ነው።

አዲስ ተርሞስታት ገዛሁ። አዲስ ነው ብዬ ዝም ብዬ አልገጥምም። በሽቦ አንጠልጥዬ፣ ቴርሞሜትር ጨምሬ፣ ድስት ውስጥ እቀቅለዋለሁ። እዚህም የጋሼ 92 መጣብኝ። መጽሐፉ በ95 ለካ ይላል፣ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ግን 95 አይደርስም። ቢንቀለቀል ያው 92 ነው። ስንት መካኒክ "ሙሉ በሙሉ አልከፈተም" ብሎ ጤነኛ ተርሞስታት መልሶ ይሆን? ግማሽ በግማሽ ኩላንት ስጨምርበት የድስቱ መፍያ ከፍ አለ፣ 95 ደረሰ፣ በሩም 9 ሚሊ ሜትር ተከፈተ። ድስቱ የጋራዥ ድስት ነው። ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፣ ልጅና ውሻ ይስባል። ቤት ወስዳችሁ ሽሮ እንዳትሠሩበት።

ተርሞስታቱን ገጠምኩ። አዲስ ክዳን አደረግኩ። ቡናውን ውሃ አፍስሼ፣ እስኪጠራ አጠብኩ። ኩላንቱን በዲስትልድ ውሃ ግማሽ በግማሽ በጥብጬ ሞላሁ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ አየሩን አስወጣሁ። ለካሁ፦ ላይኛው 92፣ ታችኛው 70። ልዩነቱ ከ34 ወደ 22 ወረደ። ሽሮ ሜዳ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ጌጁ መሃል ላይ ተተክሏል። ስልክ ደውዬ "ጋሼ፣ አልቋል፣ ይውሰዷት" አልኳቸው።

"ቅዳሜ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አሉ። "እኔ ለሴትዮዋ ቃል ልገባ አልችልም። አንተ ግባላት።"

ሄድን። እንኳንም ሄድን።

ላይኛው ቱቦ ላይ የመልቲሜትሬን የሙቀት ሽቦ በጥቁር ስኮች አሰርኩ፣ ሽቦውን በመስኮት አስገብቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስንወርድ 86፣ 87። መተሐራ ደርሰን ምሳ በላን። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መልስ ጀመርን። እትዬ ከኋላ ናቸው፣ ከአንገቴ በላይ አሻግረው ቁጥሩን ያነባሉ። 94 አሉ። 98 አሉ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር መቶ ገባ።" 104። ወለንጪቲ ሳንደርስ 108። ክዳኑ ጤነኛ ስለሆነ አልፈላም፣ ኩላንቱም አልተተፋም። ጌጁ ግን ከመሃል ተነሥቷል። ኤሲውን ስንዘጋ ወደ 101 ወረደ። ጋሼ አላዩኝም፣ መንገዳቸውን ነበር የሚያዩት። ምነው ተናግረው በነበር አልኩ።

መንገዱን ለማያውቅ ልንገር። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ከ1600 ይበልጣል። በመካከሉ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ። ዳገት ነው ብሎ የሚሰማው ሾፌር የለም፣ ሞተሩ ግን ይሰማዋል። ያለ እረፍት እየጎተተ ነው። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ቆላ ሲወርድ ጠግቦ ይተነፍሳል፣ ጠግቦ ይጎትታል፣ በዚያው ልክ ይግላል። ራዲያተሩ ግን የሚያገኘው ነፋስ የጋለ ነው። 95 ዲግሪ ውሃ በ22 ዲግሪ አየር ሲቀዘቅዝ የ73 ዲግሪ ልዩነት አለው። በ38 ዲግሪ አየር 57 ብቻ ነው የሚቀረው። ከአምስት አንድ እጅ በላይ የማቀዝቀዝ አቅም እዚያው ሄደ። ኤሲ ሲከፈት ደግሞ ኮንዴንሰሩ፣ ማለትም የኤሲው ሙቀት መጣያ፣ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ፣ ራዲያተሩ የሚያገኘው ያ 38 ዲግሪ እንኳ አይደለም፣ ከዚያም የሞቀ ነው። እኔ ሽሮ ሜዳ ላይ ሞክሬ "አልቋል" ያልኩት ይህን ሁሉ ረስቼ ነው።

22 ዲግሪዋንም ረስቼ ነው። ቁጥሯ በግልጽ ነግራኝ ነበር፣ ገና አሥር አልገባንም ብላ። ከ34 ስትወርድ ደስ ብሎኝ አለፍኳት።

አዳማ ገብተን ሻይ እየተጠጣ እኔ ኮፈን ከፈትኩ። ከፊት ለፊት በግሪሉ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ኮንዴንሰሩ ያብረቀርቃል። የስልኬን መብራት ከላይ፣ በኮንዴንሰሩና በራዲያተሩ መሃል ባለችው ጠባብ ክፍተት አስገባሁ። እዚያ ውስጥ ብርድ ልብስ ተኝቷል። ገለባ፣ ላባ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ የተጋገረ አቧራ፣ የሞተ አንበጣ። ጋሼ መኪናቸውን ይወዳሉ፣ በየሳምንቱ ላቫጆ ይወስዷታል። ልጆቹ በኃይለኛ ውሃ ከፊት ይመቷታል። ኮንዴንሰሩ ይጸዳል፣ ቆሻሻው ግን የትም አልሄደም። አልፎ ራዲያተሩ ላይ ተለጠፈ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ፣ ለዓመታት። አንድ መኪና በመታጠብ ብዛት ሲታመም ያየሁት ያኔ ነው።

"እና እኔ ነኝ ያፈንኳት?" አሉ ጋሼ።

"አይ ጋሼ፣ ላቫጆው ነው።"

"ልጄ፣ ላቫጆ የወሰድኳት እኔ ነኛ።"

ቀሪውን መንገድ ኤሲ ዘግተን፣ በ70 እየሄድን ገባን። እትዬ መስኮት ከፈቱ፣ ነጠላቸውን ተከናነቡ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሰኞ ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ አወረድኩት። በመጀመሪያም ማውረድ ነበረብኝ። ከጀርባው፣ ማለትም ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በለስላሳ ውሃ አጠብኩት። በኃይለኛ ውሃ ቢሆን ስስ ክንፎቹ ይተኛሉ። የተኛ ክንፍ አየር አያሳልፍም፣ ገለባ ቢኖር ባይኖር ያው ነው። ባልዲ ሙሉ ቆሻሻ ወጣ። ከዚያ ውስጡን ለማየት ታችኛውን አፍ በእጄ ደፍኜ ሞላሁትና በአንዴ ለቀቅኩት። ውሃው መዘርገፍ ነበረበት። እየተንጠባጠበ ወጣ። ውስጡም ተደፍኗል። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ፣ አንዳንዴም በመንገድ ላይ የተገኘ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ሲጨመርበት ኖሯል። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በቀጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል፣ ከሞተሩ ዝገት ጋር ተደባልቆ። በነገራችን ላይ፣ መተሐራ አጠገብ መንገዱን የሚያዋስነው የበሰቃ ሐይቅ ውሃ ጨዋማ ነው። በጀሪካን ይዞ የሚመጣ ልጅ ቢያጋጥማችሁ አመስግናችሁ መልሱት። ከሱ ይልቅ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ግዙ።

ራዲያተሩ የመዳብ ሆድ ያለው፣ ራሱና ግርጌው ፕላስቲክ የሆነ ነው። ራዲያተር ሠሪ ዘንድ ተወስዶ ራሱ ተከፈተ፣ እያንዳንዱ ቱቦ በቀጭን ብረት ተጠረገ፣ በአዲስ ጎማ ተዘጋ። በእኔ ሐሳብ አዲስ ቢገዛ ይሻል ነበር። ፕላስቲኩ አርጅቷል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ጋሼን ነገርኳቸው፣ ለጊዜው ይቆይ አሉ። ገበያው ላይ ያለው አዲስ ተብዬም ሁሉ አዲስ አይደለምና አልጫንኳቸውም። ስመልሰው አንድ ትንሽ ነገር ጨመርኩ። በራዲያተሩና በኮንዴንሰሩ ጎንና ጎን የነበረው ስፖንጅ በስብሶ ወድቋል። እሱ ከሌለ ነፋሱ ራዲያተሩ ውስጥ ከማለፍ በጎን ያመልጣል። የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ለጠፍኩ።

ለካሁ። ላይኛው 91፣ ታችኛው 80። ልዩነቱ 11። ዝም አልኩ። ስልክም አልደወልኩም።

ቅዳሜ እንደገና ወረድን። ያው ሽቦ፣ ያው ሰዓት፣ ያው 90 ኪሎ ሜትር፣ ያው ኤሲ። መተሐራ 37 ዲግሪ ነበር። እትዬ አሁንም ከኋላዬ ሆነው ይቆጥራሉ። 90። 92። 93። ወለንጪቲ 95። አዳማ መግቢያ 94። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ ሽቅብ ይዘን ቢሾፍቱ ስንደርስ 92። ከዚያ በኋላ እትዬ መቁጠር ትተው አንቀላፉ። ቱሉ ዲምቱ ኬላው ላይ ስንከፍል ነው የነቁት።

ሐምሌ ላይ ዘይት ሊያስቀይሩ መጡ። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። ቤንዚኗ ቀንሷል አሉ ጋሼ። ጌጁም ከቤታቸው ወጥተው ብዙ ሳይርቁ መሃል ይደርሳል። እትዬ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ቀርተዋል። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረጉና ጠሩኝ።

"ስማ ልጄ፣ ይሄ ማሞቂያ መተሐራ ላይ ብቻ የሚሠራ ነበር እኮ የሚመስለኝ።"